የምንተስኖት ፎቶ

ምንተስኖት ወደ ትውልድ ከተማው ቡድን ሊመለስ ነው ሲባል፣ ደጋፊው ከማለዳ ጀምሮ ስታዲየሙ በር ላይ ሲጨፍር አረፈደ። በልጅነቱ ያሠለጠኑት ጋሽ ዘርጋውም መሃላቸው ነበሩ።

እኩለ ቀን ላይ የቡድኑ ጸሐፊ ወጣና «ዝውውሩ ቀርቷል» አለ። «የምስሉ መብት ተሽጧል። ገዢው ካልፈቀደ በእኛ ማሊያ ፎቶ መነሳት አይችልም፤ ስፖንሰሩ ደግሞ ያለ ፎቶው አልፈልግም ብሏል።»

«ማነው የሸጠው?»

«በአሥራ አምስት ዓመቱ ለሙከራ ውጭ ሲሄድ፣ እንደ አሳዳጊ ሆኖ የፈረመለት ሰው ነው። ምንተስኖት ግን ስሙን እንዳትናገሩ ብሎ ለምኖናል።»

«ሌባ! ሌባ!» አካባቢው ቀውጢ ሆነ።

ጋሽ ዘርጋው ያኔ የፈረሙት የጉዞ ወረቀት መስሏቸው ነበር።

አጠገባቸው የቆመው ደጋፊ ክንዳቸውን ያዘና «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ? ለልጅዎ ይጩሁ እንጂ!» አላቸው።

«ሌባ!» አሉ ጋሽ ዘርጋው።