ትርፉ ቁልፍ

ሽማግሌው መካኒክ ክንዱን እስከ ትከሻው የመኪና ማጠቢያው ትልቅ ብሩሽ ውስጥ ከትቶ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ በፒንሳ ይፈታ ነበር። አልቸኮለም። ለጥገና የሚገባ ሰው የማስነሻውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይገባል፤ ቁልፉ መቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ሚስማር ላይ ከተሰቀለ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነበር።

«ቁልፉ ተሰቅሏል፤ አባባ ወጥተዋል!» አለች ተረኛዋ በድምፅ ማጉያው።

«ምን ነካሽ ልጄ፣ ከነኪሴ ሰቀልሽኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ድምፁ ግን የመቆጣጠሪያውን ክፍል መስታወት አያልፍም። በነጻ እጁ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ አለ።

ትናንት አብሮት የሚሠራው አማቹ፣ «አባባ፣ ቁልፉን ረስተው በኪስዎ ይዘው ቤት እየሄዱ ሥራ አስፈቱን እኮ። ትርፍ አስቀርጻለሁ» ሲለው፣ «ተባረክ» ብሎ መርቆት ነበር።

ብሩሹ ዞረ። መጀመሪያ የያዘው እጅጌውን ነበር።