ልቡ ሳይቆም

ታላቅ እህቷ ስትደውል፣ የጥንት ዝርያ የሆነ መንጋጋ የለሽ ዓሣ በማደንዘዣ ደንዝዞ፣ ደረቱ ተከፍቶ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቷ ተጋድሞ ነበር፤ ልቡ ግን ገና ይመታል።

«አባባ በጣም ደክሟል፤ ስምሽን እየጠራ ነው። በሞቴ፣ ቶሎ ነይ!»

«መጣሁ እትዬ፤ ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን መግባት ያለበት ልቡ ሳይቆም ነው፤ ከዘገየ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ይላላጣል። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መርፌውን በቀስታ ገፋችው። ከደም ሥሩ ስስ ቁራጭ ወስዳ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ሴሎቹ እንደ መንገድ ንጣፍ ጎን ለጎን ተጋጥመዋል፤ አንድም የተነቀለ የለም። ደርሳለታለች። «እሰይ!» አለች ብቻዋን።

ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች ደወለች። «እትዬ፣ ወጥቻለሁ፤ ደረጃው ላይ ነኝ!»

እህቷ በለሆሳስ፣ «አትሩጪ» አለቻት፤ «አሁን ቀስ ብለሽ ነይ።»