አሥራ ስምንት ቁጥር

«የኮይናዋ ሰዎች የወርቅ መርፌ አምጥተዋል አሉ» ይላል አጎቴ ካይታራ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳለው መቁጠሩን ትቻለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተቀምጧል። በእኛ መንደር ሰው ሙያው ላይ ሲሆን፣ ካልጠራህ በቀር፣ ዞረህ አታየውም፤ ምክርም ሆነ ዕቃ አታቀብለውም። ማቀበል «አልቻልክም» ማለት ነው። ወሬ ግን አልተከለከለም።

«ወርቅ ከሆነ ጆሯቸው ላይ ያንጠልጥሉት» እላለሁ።

ሸራው ጭኔ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲሞክሩት፣ ሁለቱ የሸራ እንጨቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ተተርትሮ ተመለሰ። ያንን ማዕዘን በእጃቸው የሰፉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ይህን ማንም አያነሳም። የቀረው ሁሉ የእኔ ስፌት ነው፣ አንዲት ክር አልላላችም። ከኮይናዋ መንደር ጋር የምንገጥመው የታንኳ ውድድር የሚጀምረው ውሃው ሲሞላ ነው። ውሃው የታንኳችንን ሆድ ከመንካቱ በፊት ካልጨረስኩ ወንድሜ ታኦም ያንን አሮጌ ሰማያዊ ላስቲክ ይሰቅላል፤ በመንደሩ አዳራሽ፣ ማኔአባው ውስጥ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎችም «ብለን ነበር፣ የማሽን ስፌት ነፋስ አይችልም» እያሉ እስካረጅ ድረስ ያኝኩኛል።

ማሽኔ በእጅ የምትዞር ናት። ከነሳጥኗ የሁለት ዓመት ልጅ ያህል ትከብዳለች፣ እኔም እንደ ልጅ አዝያት እዞራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ምንጣፍ ላይ ብትንትኗን አውጥቼ መልሼ ገጠምኳት፤ አንድ ብሎን ተረፈ፣ እስከ ዛሬ አልፈለገችውም።

የመርፌ ቆርቆሮዬን እከፍታለሁ። ሃያ ሁለት ቁጥር ድንጋይም ይበሳል፤ የሚተወው ቀዳዳ ግን ነፋስ ያሾልካል። አሥራ አራት ስድስት ንብርብር ላይ እንደ ሣር ይታጠፋል። ይሄ ጫፉ ስለት የሆነው ለቆዳ ነው፤ ሸራ ላይ ከነዳሁት እንደ ቴምብር ዳር ይበሳሳውና በመጀመሪያው ነፋስ ይቀደዳል። የምፈልገው አሥራ ስምንት ቁጥር ነው፣ ጫፈ ክብ። ሁለት አሉኝ።

ቡናማ ክሬን በመርፌው ዓይን አሳልፌ፣ ወጥሬ አዘነብለዋለሁ። በመንደሩ በቡናማ ክር የምሰፋ እኔ ብቻ ነኝ። መርፌው ክሩ ላይ ከቆመ ዓይኑ ጠቧል፣ ዱብ ካለ ሰፍቷል። ይሄኛው ከኮኮናት ዛፍ ጭማቂ ቀድቶ እንደሚወርድ ሰው፣ ሳይቸኩል ሳይቆም ይወርዳል።

«አይግልም አሉ፣ ወርቁ» ይላል አጎቴ ለባሕሩ። ባለፈው ሳምንት ዋናው ደሴት፣ ታራዋ ደርሶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

«አጎቴ፣ ታራዋ የሄድከው ሚስማር ልትገዛ ነው ወይስ ወሬ?»

«ሚስማር።»

«ሚስማሩስ የታለ?»

መዘውሩን አዞራለሁ። ሁለት ንብርብር፣ አራት፤ ማሽኗ ታንጎራጉራለች። ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ቀጭ። ግማሹ መርፌ ሸራው ውስጥ ቀረ። ቸኩዬ ሸራውን ስቤዋለሁ።

የአጎቴ እጅ ወደ ባርኔጣው ይሄድና ይመለሳል። «ወርቁ ደግሞ አይሰበርም አሉ።»

«እንግዲያው ሂድና ከኮይናዋ ለምንልኝ።»

«ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፣ የኔ እመቤት» ይላል ታኦም ከታንኳዋ አጠገብ። «ሰማያዊውን ላምጣ?»

«ብትነካው እጅህን ነው የምሰፋው።»

ስብርባሪውን በፒንሳ አወጣለሁ። አንድ ቀርቶኛል። ጫፉን ጥፍሬ ላይ አስኬደዋለሁ፤ አይቧጭርም። ፈርቻለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል፤ ከዚህ ቦታ ማንም እንዲያነሳኝ አልፈልግም። አሁን ሸራውን አልጎትትም፣ ራሷ ትውሰደው። መዳፌን መዘውሩ ላይ ጥዬ አንድ ስፌት፣ ትንፋሽ፣ አንድ ስፌት። ስድስተኛው ንብርብር ላይ መርፌው ያቃስታል። ያልፋል። እንደገና ያልፋል። ዞሬ እመለስበታለሁ፣ ክሩን በጥርሴ እበጥሳለሁ።

«ውሰዱት።»

ታኦም ከእጄ ነጥቆኝ ይሮጣል። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ይደፋዋል። አንድ ነገር ሊል አፉን ይከፍትና፣ «ፀሐይ ነው» ብሎ ወንድሜን ይከተላል።

የኮይናዋ ታንኳ ከፊት ነው። ሸራችን ነፋሱን ይጎርሳል፤ የታንኳዋ ጎን ተንሳፋፊ እንጨት ከውሃው ብድግ ይላል፣ ታኦም ሊያስተኛው እላዩ ላይ ይዘላል። ማዕዘኑ የሚፈተነው አሁን ነው። ይዟል። እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ መግባቴን የማውቀው ቀሚሴ ሲከብደኝ ነው። ይደርሱባቸዋል፣ ጎን ለጎን ይሆናሉ፣ ያልፏቸዋል፤ ያ የሚጮኸው የእኔ ድምፅ ነው።

ነፋሱ ባርኔጣውን ሊወስድብኝ ሲል ቀለብ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ አንድ ነገር ጣቴን ይወጋኛል። በጠርዙ ሽመና ውስጥ መርፌ ተሰክቷል። ወርቃማ ነው። አንገቱ ላይ አሥራ ስምንት ይላል፤ ጫፉን በጥፍሬ እዳስሰዋለሁ፣ ክብ። በዓይኑ ስንዝር የምታህል ክር አልፋለች፣ ቡናማ።

ባርኔጣውን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ክሩን ከሁለት ጫፉ እይዘዋለሁ፤ ወጥሬ አዘነብለዋለሁ። መርፌው ሳይቸኩል ሳይቆም ይወርድና ጣቴ ላይ ያርፋል።