የተለበጡ እጆች

የብረት ፋብሪካው ጓንት ማደሉን ትቶ የሠራተኛውን እጅ ናይትራይድ በሚባል ሙቀት በማይበግረው ሽፋን መለበጥ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ልባጡ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር በሳሳ ቁጥር እጅ ይጠነክራል። ከሠራተኞቹ አንዷ ትርንጎ የጋለ ብረት በባዶ እጇ ታነሳለች።

ዛሬ ልባጡን የሚሠራላቸውን እንግዳወርቅን ለመነችው።

“ንብርብሩ ከልክ በላይ ከሳሳ እርስ በርሱ ተዋህዶ ይለሰልሳል ብለኸኝ አልነበር? በሞቴ፣ እንደዚያ አድርግልኝ። ልጄን ትኩሳት ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው፤ ግንባሯን በእጄ ልዳስሰው።”

እንግዳወርቅ አቀረቀረ።

“ልባጡማ ይለሰልሳል፣ እህቴ። ከሥሩ ያለው ቆዳሽ ግን ከሞተ ቆይቷል።”

ትርንጎ ቤት ስትደርስ ልጇ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ እንደ ልማዷ ግንባሯን ወደ እናቷ ከንፈር አስጠጋች። እጅም ትኩሳት መለየት እንደሚችል ለልጅቷ ማንም ነግሯት አያውቅም።