ሦስተኛው ጀሪካን

በምርቃቱ ዕለት የሎጁ ፏፏቴ ውሃውን ወደ ላይ ሲረጭ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ብረት በያጁም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ኩሬው መሀል የሚንሳፈፈው ነገር ከሐሳቡ ጀምሮ የእሱ ፈጠራ ነበር፤ ከላይ ፓምፕና ቧንቧ፣ ከሥር ነጭ ቀለም የተቀቡ ሦስት ባዶ ጀሪካኖች። የሎጁ ባለቤት "ወልቂጤ እንዲህ ያለ ሰው እያላት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ለምን እናስመጣለን?" እያሉ ትከሻውን ያዙት።

የቀባው የውሃ ቀለም ነበር፤ የዘይቱ እስከ ምርቃቱ አይደርቅልኝም ብሎ። የተረጨው ውሃ ተመልሶ ጀሪካኖቹ ላይ ሲወርድ ነጩ ቀለም እንደ ወተት ኩሬው ውስጥ ፈሰሰ፤ ቢጫው ወጣ፤ ሦስተኛው ጀሪካንም ቀስ ብሎ ዞረና በቀይ የተጻፈበትን አሳየ፦ "የምሥራቅ ነው። አትንኩ።" የበያጁ ጎረቤት እትዬ ምሥራቅ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ጀሪካኑን ከቦኖው ወረፋ ላይ ያነሣው እሱ ነው። ጠፋ ሲባልም የሰዉን ጀሪካን እያገላበጠ ግማሽ ቀን አብሯቸው የፈለገው እሱ ነው።

"ማዘር፣ ፏፏቴው የእርስዎ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ። በያጁ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። እትዬ ምሥራቅ ጽሑፉን አነበቡ፤ ከዚያ እሱን አዩት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ጀሪካኑን ያዋስኩት እኔ ነኝ" አሉ ጮክ ብለው። "ጎረቤት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?"

እንግዶቹ ለእሳቸው ከበፊቱ የበለጠ አጨበጨቡ። ሁሉም ዞሮ ሲያየው፣ እሱም አጨበጨበ።