የለቅሶ ቤት ሐረግ

የተሰረቀ ተክል ይጸድቃል ሲባል ሰምታለች። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ልጃቸውን ቀብረው ለቅሶ በተቀመጡ ማግስት፣ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ ጠብቃ፣ የሳሎኑን ግድግዳ ከዞረው ሐረግ አንዲት ጫፍ ቀነጠሰችና ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። ቤቷ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጠቻት፤ ሥር ሰደደች። አፈር ላይ ስትተክላትም ተንዠረገገች።

ከወራት በኋላ እትዬ አስካለ ሳይታሰቡ መጡ። ሐረጉን በመጋረጃ ልትሸፍነው ስትጣደፍ አዩት።

"ውይ፣ ቁርጥ የማህደርን ሐረግ!" አሉ ቅጠሉን እየዳበሱ። "የልጄ እጅ የተከለው ነበር። በሐዘኑ ውሃ ማጠጣት ረስቼ ደረቀብኝ።"

"ሙሉውን ይውሰዱት፣ እትዬ" አለች አንገቷን ደፍታ።

"የተሰጠማ አይጸድቅም፤ እስቲ ፊትሽን አዙሪልኝ፣ ልስረቅሽ።"