የሐሙስ እንግዶች

እማማ ያሱኖ ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ አለባቸው። ከኪዮቶ ተነሥቶ፣ ናራን አይቶ፣ በየገጠሩ እያደረ የሚመጣ የጥቂት ሰዎች ጉብኝት ነው፤ መጨረሻው የእሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ሶባ የሚባለውን የጃፓን ፓስታ ሊጥ ያሻሉ፣ ይዳምጣሉ፣ እንደ ክር አቅጥነው ቆርጠው ይቀቅላሉ። እንግዶቹ አይተው፣ በልተው፣ ጎንበስ ብለው አመስግነው ይሄዳሉ።

በመንደሩ ከእሳቸው ቤት ሌላ ጭስ የሚወጣበት ቤት የለም። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ሰሞን ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ነርስ እየመጣች ልትጠይቃቸው ፈልጋ፣ «ስሞት ትመጫለሽ» ብለው ከደጅ መልሰዋታል። ከዚያ ወዲህ ደስታውም ሐዘኑም እምብዛም አይሰማቸውም። ሙካይ የተባለው አስጎብኚ መጥቶ ስለ ሶባው ሲለምናቸውም ደስ ብሏቸው ሳይሆን እንቢ ማለት ከብዷቸው ነው እሺ ያሉት።

አሁን ግን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። ሊጥ ለማሸት ከተንበረከኩ በኋላ የሚነሡት ምሰሶ ይዘው ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ሳቶኮ ከኦሳካ ደወለች።

«እማዬ፣ ነገ የቤቱን ውል እንፈርማለን። እመጣለሁ ካልሽ ባለ ሦስት ክፍሉን፣ አልመጣም ካልሽ ባለ ሁለቱን። ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እንግዶቹስ?»

«እንግዶቹ ሌላ ቤት ሄደው ይብሏ! በአገሩ ሶባ የምትሠሪው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

መሄድ ይፈልጋሉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም እንጂ ካምና ጀምሮ ይፈልጋሉ። ግን እሳቸውን ብሎ ከሩቅ የመጣን ሰው «በቃኝ» ለማለት አፋቸው አይችልም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም።

አንድ ተስፋ ነበራቸው። በመኪና እየዞረ አትክልት የሚሸጠው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት፣ «ጠንቀቅ ነው እማማ! የንጽሕና ተቆጣጣሪዎች እንግዳ እየመሰሉ እየገቡ የስንቱን ኩሽና አሸጉት» ብሏቸዋል። እሳቸውም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። አንዱ ውኃ ፍለጋ ብሎ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይቆያል። ሌላው ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በእግሩ ሲሞክር አይተውታል። ፎቶ የሚያነሣ የለም። እሰይ፣ ያሽጉት! ቢያሽጉላቸው ማንንም ሳያስቀይሙ ኦሳካ ይገባሉ።

ሚኒባሱ በሰዓቱ ደረሰ። መጀመሪያ ሙካይ ወረደ፣ ቀጥሎ ረዳቱ ቺሃሩ፣ ከኋላዋ አራት እንግዶች።

«እማማ ያሱኖ! እንዴት ሰነበቱልን?»

«ይኸው አለሁ። የት አባቴ እሄዳለሁ?»

ቺሃሩ እንደ ልማዷ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። እሷ ሰላም ስትል ቶሎ አትለቅም፤ ጣቷን አንጓቸው ላይ አሳርፋ ትቆያለች። ያሱኖ በልባቸው ደግ ልጅ ይሏታል።

«ኪዮቶ እንዴት ነበረች?» ብለው እንግዶቹን ጠየቁ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ሰው ይበዛል» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ።

ያሱኖ አተኩረው አዩት። «አንተን ከክረምቱ በፊት እዚሁ አይቼሃለሁ ልበል?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። «ሶባዎ... ጣፍጦኝ ነው የተመለስኩት።»

ያዝኩህ፣ አሉ በልባቸው። ተቆጣጣሪ ካልሆነ በቀር ለአንድ ሳህን ሶባ ብሎ ይህን ተራራ ሁለት ጊዜ ማን ይወጣል?

ከዚያ ሆን ብለው ጥፋት ሠሩ። ያደረ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጣሉ። የዱቄቱን ጣሳ ሳይከድኑት ተዉት። ወፍራሙ ሰውዬ ውኃ ፍለጋ ብሎ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ጀርባቸውን ሰጥተው ጠበቁ። ሰውዬው ከወተቱ ጀርባ የተቀመጠውን የመድኃኒት ከረጢት ሳይቀር አገላብጦ አየ። ከዚያ ጣሳውን ከደነ፣ ጨርቁንም አጥቦ አሰጣው።

«ሁሉም ደህና ነው» አላት ቺሃሩን ቀስ ብሎ።

የያሱኖ ተስፋ እዚያው ላይ አከተመ።

ተበላ። አንድም ሰው አላስተረፈም። ያሱኖ ሻይ ቀድተው ከጨረሱ በኋላ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ከየት እንዳመጡት በማያውቁት ድፍረት፣ «ሙካይ፣ እኔ ባልኖርስ ይኸ ጉብኝት እንዴት ይሆናል?» አሉ።

ቺሃሩ ሙካይን አየችው።

«ኧረ ምን ይላሉ እማማ!» አለ ሙካይ። «ሰዉ የሚመጣው እኮ ለእርስዎ ብሎ ነው። እርስዎ ከሌሉ ጉብኝት የሚባል ነገር የለም። የመጪው ዓመት ሐሙስ ሁሉ ተይዟል።»

«ሁሉም?»

«አንድ ሳይቀር!»

«እንግዲያው ዱቄት ማስጨመር ነዋ» አሉ ያሱኖ። ፊታቸው ፈገግ አለ፤ ውስጣቸው ግን ምንም አላለም።

ደጅ ወጥተው መኪናው እስኪሰወር እጃቸውን አውለበለቡ። እንግዶቹም በመስኮት እያጎነበሱ አውለበለቡ። ብርዱ ጉልበታቸውን ይጠዘጥዘው ነበር፤ ቢሆንም መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ አልገቡም።

ከዚያ ገብተው ለሳቶኮ ደወሉ።

«ባለ ሁለቱን ፈርሙ።»

«እማዬ! ምነው?»

«ሰው ይጠብቀኛል፣ ምን ላድርግ ብለሽ ነው? በይ ደህና ሁኚ።»

ስልኩን ዘግተው ሳህኖቹን ማጠብ ጀመሩ። አላለቀሱም። ከሳህኖቹ በኋላ መዳመጫውን አጥበው ለሐሙስ እንዲደርቅ አቆሙት።

ከመታጠፊያው ወዲያ ቺሃሩ የማዘጋጃ ቤቱን ቅጽ ከቦርሳዋ አውጥታ «የልብ ምት ደህና፤ መድኃኒት እየወሰዱ ነው» ብላ ሞላች፤ ወፍራሙ ሰውዬ «እኔስ ሶባ አንገሸገሸኝ፣ እስከ መቼ ነው ቱሪስት የምንሆነው?» ቢላት፣ «ታገሥ እንጂ» አለችው፣ «እሳቸው እኮ ከዚህ ሌላ የሚኖሩለት ነገር የላቸውም።»